የሱሉልታው ዮርዳኖስ

ባለፈው ነሐሴ ለቅሶ ልደርስ ወደ ሱሉልታ ስሄድ ውሃ መንገዱን ሸፍኖት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆመ። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ጫማውን እያየ፣ «ይሄ ውሃ ደግሞ ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ተነጫነጨ። «ውሃውማ ቤቱ ነው፤ የመጣነው እኛ ነን» አልኩት፣ ያውም በቁጣ። ልጁ ምን አጠፋ? ጫማው ነው የራሰበት። እኔ ግን ያንን የሱሉልታ ሜዳ በውሃ ተሞልቶ ሳየው ከሃምሳ ዓመት በላይ ያረጀ ንዴት ይቀሰቀስብኛል። ልጁን ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩና ከምን እንደምጀምርለት ስላላወቅሁ ተውኩት።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለነበር ሐሳቡ እኔም ሚዛኑ ፊት እንድቆምለት ነበር። እኔ ደግሞ ጨው የሚጠቀለልበትን ወረቀት ሁሉ በፈረስና በበሬ ሥዕል እየሞላሁ አስቸገርኩት። መከልከሉ ሲሰለቸው፣ «እንግዲያው ለእግዚአብሔር ይሣል!» አለና ወስዶ ለአለቃ ወልደ ሰንበት ሰጠኝ። አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ሲናገሩ ለስለስ፣ ሲቆጡ ደግሞ የበለጠ ለስለስ የሚሉ፣ ስለዚህም የሚያስፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ዘንድ አቡጀዲ በእንጨት ላይ መወጠር፣ ሙጫ መቀባት፣ ከመርካቶ የሚመጣውን የዱቄት ቀለም መበጥበጥ ተማርኩ። ሥዕሉ የሚሠራው በአቡጀዲው ላይ ነው። ሲያልቅ ከእንጨቱ ይፈታና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ሱሉልታ አዲስ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ልንሥል ሄድን። አለቃ ሥራውን ከፋፍለው ለራሳቸው ብዙውን ያዙና ለእኔ አንድ ሰጡኝ፤ የጌታን ጥምቀት። «ለጥምቀት በዓል ግድግዳው ላይ መዋል አለበት» አሉኝ። «አሳምረህ ከጨረስክ ቡራዩ፣ ገፈርሳ አጠገብ ለሚሠራው ቤተ ክርስቲያን አንተን እሰዳለሁ። ብቻህን።» ከንግግራቸው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ነው። ብቻዬን! ያን ቀን ሙጫውን ሳፈላ አሳርሬው ግቢውን በሙሉ አገማሁት።

የተሰጠን ክፍል በሩ ወደ ሜዳው ነበር። የሱሉልታ ክረምት ቀልድ አያውቅም። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ልብሱ እርጥብ ነው፣ አልጋው ቁንጫ ነው፣ አቡጀዲ አልደርቅ ብሎ ሙጫው ይሻግታል። ሐምሌ ሲጋመስ ግን ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ ሜዳው ጠፍቶ በቦታው ውሃ ተኝቷል። ቄጠማው ግማሹ ሰምጦ ግማሹ ቆሟል፤ እግረ ረጃጅም ወፎች በመካከሉ እየተራመዱ አንገታቸውን ይሰብቃሉ። እኛ ሰዓሊዎች ውሃን የምንሥለው በሰማያዊ ነው፤ ነጭ የሞገድ መስመር እናደርግበትና ሦስት ዓሣ እንጨምራለን። አለቃም እንዲያ ነው የተማሩት፣ ያስተማሯቸውም እንዲሁ። እኔ ግን ውሃውን ባየሁት ቁጥር ሰማያዊ አልሆን አለኝ። ጠዋት አመድማ፣ ከሰዓት ቡናማ፣ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ስም የማላገኝለት ቀለም ነበረው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዮርዳኖሴን አገኘሁ አልኩ።

በነሐሴ መጨረሻ ሥዕሉን ጨረስኩ። ጌታና ዮሐንስ አለቃ እንዳስተማሩኝ ናቸው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው ወደ ምእመኑ። ውሃው ግን የሱሉልታ ውሃ ነው፣ ከነቄጠማው። አለቃ መጥተው ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት።

«ይሄ ዮርዳኖስ ደፍርሷል» አሉ።

«ክረምት ስለሆነ ነው፣ አለቃ።»

«ዮርዳኖስ ክረምት አለው እንዴ?» አሉና፣ «ፊቶቹ ደህና ናቸው፤ ውሃውን አስብበት» ብለውኝ ሄዱ።

ያን ጊዜ ሰማያዊ ቀብቼበት ብገላገል ኖሮ! ግን መስከረም ጠባ። ውሃው ጠራ፣ ዳር ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ፣ ትናንት ያኮራኝ አመድማ ውሃ የታመመ መሰለኝ። በላዩ ላይ ቀለም ደርቤ እንደገና ሣልኩት። ቢጫውን ሳልጨርስ ጥቅምት ገባና አበባው ረገፈ። ሣሩ ከወገብ በላይ ሆኖ ነፋስ ያስተኛው ጀመር። እንደገና ደረብኩ። እጄ ወሩን ሊደርስበት አልቻለም፤ ብሩሼን ጥዬ ሜዳውን የምሳደብበት ቀን ነበር። ምን አለ ለአንድ ሳምንት እንኳ ባለህበት ብትቆምልኝ እለዋለሁ።

ኅዳር ላይ ሣር አጨዳ ሆነ። ሜዳው እስከዚያ ከከብት ተከልሎ ይቆይና ባለይዞታው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወርድበታል፤ ሣሩም በጭነት መኪና ለአዲስ አበባ ከብት ይጫናል። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለው ሣር የኦቦ ቱፋ ነበር። ኦቦ ቱፋ ቤተ ክርስቲያኑን ካሠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ሚስታቸው እርጎና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ይልኩልን ስለነበር እንደ አባት አያቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ማጭዳቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ሥዕሉን አይተው ሳቁ። «ይሄማ የኔ ጨፌ ነው! ያቺ ጥግ ላይ በሬዬን ጭቃው ይዞብኝ ስንት ሰው ነው ተጋግዞ ያወጣልኝ።»

ደስ አለኝ። ረግረጋቸውን ለይተውታል። እሳቸው ግን ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ጌታ የተጠመቀው በጥር ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጥር አሥራ አንድ።»

«በጥርማ እዚህ ውሃ የት አለ? ይሄን ሣር እኮ ዛሬ እያጨድኩት ነው። ታቦት ይዘን የምንወርደው ወንዙ ጋ ነው፤ ጨፌው በጥር ደረቅ ነው። ሰው ይስቅብሃል፣ ልጄ። እኔ ለአንተ ብዬ ነው።»

አሁን ሳስበው እኔ ራሴ መሳቅ ነበረብኝ። ያኔ ግን ነገሩ ልቤን መታው። እውነታቸውን ነው! ጌታን በጥር፣ ውሃውን በነሐሴ አድርጌዋለሁ። ታኅሣሥን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጥርን ሣልኩ። ሜዳውን ገለባ መሳይ አደረግሁት፣ ከኋላ የሣር ክምር ቆለልኩ፣ አጨዳው ሲያልቅ የሚለቀቁትን ከብቶች ጨመርኩ፣ ውሃውንም አንዲት ጥግ ላይ ሰበሰብኩት። ኦቦ ቱፋ አይተው፣ «አሁን ሆነ!» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ እውነት የሆነ ሥዕል ሠርቻለሁ ብዬ አላምንም። ጭኮዬን በእጄ ይዤ ሥዕሉ ፊት ተቀምጬ በላሁ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ቄሰ ገበዙ መጡ። ሥዕሉን አዩ፣ አለቃን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጌታን ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ነው ያጠመቅኸው?» አሉኝ። «ውሃው እኮ ቁርጭምጭሚቱን አልሸፈነም!»

አለቃ ለእኔ ብለው ይመስለኛል፣ «ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሌላ ይሆናል፤ እንለጥፈውና እንየው» አሉ። ከእንጨቱ ፈትተን፣ ጠቅልለን፣ ተሸክመን ገባን። ግን አምስት ወር ሙሉ የደራረብኩት ቀለም እንደ ደረቀ ቆዳ ሆኗል። አቡጀዲውን ስንዘረጋው ተሰነጣጠቀ፤ ሙጫው ሲነካው ደግሞ ከዮሐንስ እግር በታች ያለው ሁሉ እየተላጠ ወለሉ ላይ ረገፈ። ከጥር ሥር የመስከረም ቢጫ ብቅ አለ፣ ከቢጫው ሥር የነሐሴ አመድ።

አለቃ በማግስቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከወገብ በታች ያለውን በሙሉ ሰማያዊ ቀቡት። ነጭ የሞገድ መስመር አሰመሩ፣ ሦስት ዓሣ ጨመሩ። ከረፋድ አላለፈም ሥራው። የበዓሉ ቀን ሴቶቹ ሥዕሉ ፊት እልል አሉ፤ ኦቦ ቱፋም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሰገዱ፤ ስለ ጥርና ስለ ውሃ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ! በዚያች ደቂቃ ከሁሉም በላይ የጠላሁት እሳቸውን ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ቡራዩ የሄደው ሌላ የአለቃ ተማሪ ነው። እኔ አለቃን ልሰናበት ስገባ፣ «እጅህ ጥሩ ነው። የገዛ ዓይንህን ግን አታምንም፤ የሰው አፍ ታምናለህ» አሉኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። ሰበታ ተመልሼ፣ ጥቂት ጊዜ ሚዛን ፊት ቆሜ፣ በኋላም የሱቅና የቡና ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፍኩ ልጆች አሳደግሁ። መጥፎ ኑሮ አልኖርኩም።

በአለቃ መናደድ ድሮ ነው የተውኩት፤ ለበዓል ሥዕል ማድረስ ነበረባቸው፣ አደረሱ። ቄሰ ገበዙም፣ ኦቦ ቱፋም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። አሁን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ወር ጥግ ላይ የተረፈ አቡጀዲ ነበር፣ ቀለሙም ነበር፣ ከበሩ ፊት ሜዳው ነበር። ውሃውን ብቻ፣ ቅዱስ ሳይቆምበት፣ ለራሱ ሲባል መሣል ይቻል ነበር፤ ነሐሴን በአንዱ፣ መስከረምን በሌላው። እንዲህ ያለ ሥዕል አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አላሰብኩትም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እጄ ስኒ እንኳ ሳያፈስ አይዝም። አታድርግ ያለኝ ሰው ቢኖር በእሱ ባሳበብኩ ነበር። ማንም ግን አልከለከለኝም።