የኒሴው ገንፎ

ሊንደበርግ በሚባል ሰፈር የምንኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ላይ አንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት አሉ። ሴት ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሳቸው ጋ ጎራ ማለት ትወዳለች፤ ብስኩት አይጠፋቸውማ። ገና ሲቃረብ ታዲያ ብስኩቱን ከተረት ጋር ሰጧት። የኒሴን ተረት።

እኔ ኒሴ ማለት በየሱቁ መስኮት ቀይ ቆብ አጥልቆ የሚስቀው ጢማሙ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። የአሮጊቷ ኒሴ ግን ሌላ ነው። እሳቸው ያደጉት ገጠር፣ እርሻ ላይ ነው። የእሳቸው ኒሴ በረት ውስጥ የሚኖር፣ ቁመቱ ከልጅ የማይበልጥ፣ ጉልበቱ ግን የማይቻል ፍጡር ነው። ከብቱን ይጠብቃል፤ ልጆች ሲያጠፉም ያያል። በገና ዋዜማ ደግሞ ድርሻውን ይፈልጋል፤ ማታ ውጭ የሚቀመጥለት፣ አናቱ ላይ ቅቤ ያለበት አንድ ሳህን ገንፎ። አንድ ዓመት ቅቤው አልታይ ቢለው ተናዶ በረት ገባና የቤቱን ምርጥ ላም ገደለ። ቅቤው ለካ ከሥር ኖሯል። አሮጊቷ ይህን ሲያወሩ ይስቁ እንደነበር ልጄ ነግራኛለች። እሷ ግን አልሳቀችም።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ ልጄ ጨዋ ሆነች። ጫማዋን በር ላይ ደርድራ ታስቀምጣለች፣ ሳትጠየቅ ሳህን ታነሳለች፣ ብሮኮሊዋን ሳትነጫነጭ ትጨርሳለች። እኔም የዋህ፣ ልጄ አደገችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥላ ብርድ ልብሷን ጎትታ የስምንት ወር ወንድሟ አልጋ ሥር መተኛት ጀመረች። ይህም ፍቅር መሰለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ካፖርቷን እየቆለፍኩላት ሳለ፣

«እማዬ፣ እኛ ላም የለንም አይደል?» አለችኝ።

«ሊንደበርግ ላይ ላም ከየት ይመጣል?» ብዬ ሳቅሁባት።

«ታዲያ ከእኛ ቤት የሚወስደው ምንድን ነው?»

ሳቄን ዋጥኩት። ኒሴ የሚባል ነገር የለም አልኳት። አለ፣ መምህሬም አለ ብላለች፣ አለችኝ። ከመምህር ጋር ምን እከራከራለሁ?

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። እኔ ያደግሁት ሴቶች የዋርካ ግንድ ቅቤ ሲቀቡ እያየሁ ነው። አድባሯ እንዳትቀየም ተብሎ። እናቴም ትቀባ ነበር፣ የነፍስ አባታችን ተቆጥተው እስኪያስተዉዋት ድረስ። ያንን ሁሉ ትቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ለበረት ጋኔን ቅቤ ላቀርብ ነው? በዚያ ላይ ጾም ነው። የእነሱ ገና የሚውለው የእኛ ጾም ሳይፈታ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቤታችን ቅቤ አይገባም። በጾም ደግሞ እኔ ቀልድ አላውቅም። የጽዳት ሥራ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለገና ኬክ ሲቆረስ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰግናለሁ ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ። ልጄም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ባለቤቴ፣ «ባህላቸው ነው፤ አንድ ሳህን ገንፎ ምን ያደርገናል?» አለኝ። ለእሱ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። በመጨረሻ ዘዴ አገኘሁ። ገንፎ ነው የሚፈልገው? ገንፎ ይሠራለታል፤ ግን በእኔ ቤት ደንብ።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቶሎ ጨለመ። ባለቤቴ አውቶቡስ እየነዳ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የገብስ ገንፎ አገነፋሁ። መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጌ በርበሬ በዘይት ሞላሁበት። ደንበኛ የጾም ገንፎ። ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ አየችው።

«ቅቤው የታለ?»

«ይኸው፣ የእኛ ቅቤ ይሄ ነው።»

«ናይ፣ አይደለም እማዬ። ዘይት ነው። ደግሞ ያቃጥላል።»

ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ የእልህ ለቅሶ አይደለም፣ የፍርሃት ነው። አቅፌያት ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ጆሮዬ ሥር፣ «እኔ ነኝ ውሰደው ያልኩት» አለችኝ።

«ማንን?»

እጇን ወደ ሕፃኑ መኝታ ቤት ዘረጋች።

ከገና ቀደም ብሎ በሚከበረው የሉሲያ ቀን ትምህርት ቤት ነጭ ለብሳ፣ በራሷ ላይ የመብራት አክሊል አድርጋ ዘምራ ነበር። እመጣለሁ ብያት ሕፃኑ አተኮሰውና ቀረሁ። ስትዘምር ወንበሮቹን ሁሉ እያየች ፈልጋኛለች። ያን ቀን ነው እንግዲህ፣ ከታች የሕንጻው ዕቃ ማስቀመጫ በር ላይ ቆማ፣ ኒሴው እዚያ የሚኖር መስሏት፣ ወንድሜን ውሰደው ብላ ለኒሴው የነገረችው።

ሕፃኑን አዝዬ፣ እሷን እጇን ይዤ ወደ አሮጊቷ ወረድኩ። ለበዓሉ ለብሰው፣ ልጃቸው መጥቶ እስኪወስዳቸው ይጠብቃሉ። ቅቤ ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው። ለኒሴው መሆኑን ጠየቁኝ። አዎ፣ ለእሱ ነው አልኩ። በስኒ ማስቀመጫ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ልጄን ጉንጯን ነካ አደረጓት።

ደረጃውን ስንወጣ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ገንፎውን ባወጣላት ዛሬ ትተኛለች። ወንድሟ የተረፈው በቅቤ ጉቦ መሆኑንም ታምናለች። ያ የተናገረችው ቃል ደግሞ ኒሴው ዘንድ እንደተቀመጠ ሊቀር ነው። በየዓመቱ ስንፈራው ልንኖር ነው።

ሕፃኑን አልጋው ላይ መልሼ ቅቤውን ገንፎው መሐል ጣልኩት። ቀለጠ።

«በረንዳ ላይ ላውጣው?» አለችኝ።

«አናወጣውም። ነይ ቁጭ በይ።» ሳህኑን ይዤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ውሰደው ብለሽ ለኒሴው የነገርሽው ለእኔ የሚነገር ነበር። የተናደድሽው በእኔ ነው አይደል?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ገንፎውን የምበላው እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት ማንም ማንንም አይወስድም።»

ጎረስኩ። ጨው ያለበት የፈረንጅ ቅቤ ከዘይትና ከበርበሬ ጋር ምን ምን እንደሚል አትጠይቁኝ። ልጄ አፌን ትኩር ብላ አየች።

«እማዬ፣ ጾም ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እግዜር አሁን ምን ያደርግሻል?» አለችኝ።

አሮጊቷን ልጄን አስፈራሩብኝ ብዬ በሆዴ ስንት ጊዜ ወቅሻቸዋለሁ። እግዜር ያይሻል፣ እግዜር ይቆጣሻል እያልኩ ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝ፤ ጥርስ አልቦርሽም ስትል እንኳ። ያስተማርኳት ፍርሃት ይኸው ተመልሶ ስለ እኔ ያስጨንቃታል።

«ምንም አያደርገኝም» አልኳት። ድምፄ እንዳሰብኩት አልጠነከረም። እኔም ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ከልቤ እንዲሆን ፈለግሁ። እንደገና ጎረስኩ።

ጠበቀች። ሕፃኑ ከመኝታ ቤት ብቻውን ያጉተመትማል።

«እኔንስ?» አለች።

«አንቺንም።»

ተጠግታኝ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። በርበሬው አቃጥሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ውኃ ጠጥታ ተመልሳ መጥታ እንደገና አፏን ከፈተች።