ዊዳድ ሽቦ ላይ ያሰጣችው

ዊዳድን በደንብ አውቃታለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸሚዝና ከሱሪ ያለፈ ወሬ ያወራነው ጥቂት ነው። ድሬዳዋ እንደተወለደች፣ እዚህ ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሚኒባስ መቆሚያው ፊት ለፊት ላውንደሪ እንዳላት፣ ስታሾፍ ፊቷ ፈጽሞ እንደማይስቅ አውቃለሁ። የቀረው ከሰው የሰማሁትና በሯ ላይ ቆሜ ያየሁት ነው።

ዊዳድ ከደንበኛ ኪስ ያገኘችውን አትጥልም። ሲም ካርድም ይሁን መታወቂያ፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥራ ከልብሱ መስቀያ ጋር አስራ ትመልሳለች። ባዶ የክኒን እሽግ እንኳ ትመልሳለች። እኛ ሰፈር ባዶ እሽግ ቆሻሻ አይደለም። የመድኃኒቱን ስም የማያውቅ ሰው ባዶውን ይዞ መድኃኒት ቤት ይሄድና “ይህን የመሰለ ስጠኝ” ይላል። ሻጩም አይቶ ይሰጠዋል። ሐኪም ለአስር ቀን ያዘዘው በዚህ መንገድ ዓመት ይሞላዋል።

የአብዱልሃሚድም ነገር እንዲሁ ነበር። አብዱልሃሚድ የዊዳድ ታላቅ ወንድም ነው። ሐርጌሳ ያመጣትም፣ ላውንደሪውን የከፈተላትም እሱ ነው። ከጅግጅጋ ያር መሃል ከተማ ሚኒባስ ይነዳል። ወገቡን ታሞ ለአስር ቀን የታዘዘለትን ጠንካራ ማስታገሻ ሲወስድ ሰባት ወር ሞላው። ስሙን አያውቀውም፣ “አረንጓዴው” ነው የሚለው። ካልዋጠው ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፤ ሲውጠው ደግሞ መሪ ላይ ያንቀላፋል። አንድ ቀን ዋሄን ገበያ አጠገብ የሽንኩርት ጋሪ ገጭቶ ቆመ። ሰው አልተጎዳም። ዊዳድ ያን ቀን ጋቢና ነበረች፤ ከኋላዋ አስራ ሁለት ተሳፋሪ ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ ይህ ክኒን ሰው ያስጨርስሃል” አለችው በማግስቱ።

“እኔ ጫት አልቅም፣ ሲጋራ አላጨስ። ሐኪም ያዘዘው ሐራም ሆነ እንዴ?”

“ሐኪሙ እኮ ለአስር ቀን ነው ያዘዘው።”

“ሸሚዜን ተኩሺ!”

ተኮሰች። ከኪሱ ያገኘችውን ባዶ አረንጓዴ እሽግ ግን አልመለሰችለትም። በሯ ላይ ሽቦ ወጥራ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው። ብቻውን ሆኖ እንዳይታወቅበት ብላ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ብርማ፣ በድምሩ አስራ ስድስት ሌሎች ባዶ እሽጎች አጠገቡ ደረደረች። ካርቶን ላይ በሶማልኛና በአማርኛ “ከኪስ የተገኘ። ባለቤቱ መጥቶ ያውርድ” ብላ ጻፈች።

ሰፈሩ ታወከ። የማንም ስም ሳይጻፍ ሁሉም የራሱን ያየ መሰለው። መጀመሪያ የደረሰችው ጅግጅጋ ያደገችው አስተማሪ ሆዳን ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል።

“ያ ሰማያዊው ከማን ኪስ ነው?”

“ከሰው ኪስ።”

“እኔ የእንቅልፍ ክኒን ኪሴ ውስጥ አላስቀምጥም!”

“የእንቅልፍ መሆኑን እኔ መች አወቅኩ፣ እህቴ?”

ሆዳን ጃኬቷን ረስታ ሄደች። ሞባይል ነጋዴው አያንሌ ደግሞ ጠጋ ብሎ ሹክ አላት። “ባለቤቴ በዚህ ታልፋለች። ነጩን ወደ ዳር አድርጊልኝ።”

“ያንተ ነው?”

“አይደለም። ግን ወደ ዳር አድርጊው።”

ወደ መሃል አደረገችው።

አብዱልሃሚድ በሦስተኛው ቀን መጣ። ክኒኑ አልቆበታል። መድኃኒት ቤት ሄዶ “አረንጓዴውን” ቢል፣ ሻጩ አምስት ዓይነት አረንጓዴ ደርድሮ “ባዶውን አምጣ” ብሎታል። ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው አቁሞ ሽቦው ሥር ቆመ። መቆሚያው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እጁን ዘረጋ። አረንጓዴው ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው፣ ሻምሶ የምትባል አትክልት ሻጭ ከሚኒባሱ መስኮት አንገቷን አውጥታ ጮኸች።

“ወንድሜ፣ ያንተ ከሆነ ቀድመህ ንገረን፤ እንውረድ!”

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በዚያው እጁ ጭንቅላቱን አከከ።

“ዊዳድ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ያለሱ አልችልም። ከጠዋት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል።”

ያኔ ማሾፏን ተወች። “አውቃለሁ ወንድም ጋሼ። በአንዴ ተው አላልኩህም። ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ፣ ቀስ በቀስ የሚቀንስልህ እሱ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ግን ለኔ።”

ሰጣት። ፌስታል ውስጥ ቋጥራ መስቀያ ላይ አሰረችው፤ አረንጓዴውንም ራሷ አወረደችው።

አሁን ሚኒባሱን ሌላ ሰው ይነዳል። አብዱልሃሚድ ሐኪሙ መሪ እስኪፈቅድለት ላውንደሪው ውስጥ ሱሪ ያጥፋል። አስተጣጠፉ እንኳን ሐኪም ካውያም አያድነውም። እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ሽቦው ሥር ቆመው “ለዘመዴ ነው” እያሉ የሐኪሙን አድራሻ የሚጠይቁም በዝተዋል። ሆዳን ሁለት ዘመድ አላት።

ባለፈው ሳምንት ሸሚዜን ይዤ ስሄድ አስራ ስድስቱ እሽጎች አሁንም ተሰቅለው ነበር። እንደምንም ደፈርኩ።

“ዊዳድ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እነዚህ ከደንበኛ ኪስ የወጡ ናቸው፣ ወይስ ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የለቀምሻቸው?”

ሸሚዜን ተቀበለችኝ። የደረት ኪሱን ገልብጣ፣ ሁለት ጣቷን ከትታ፣ ረጋ ብላ ፈተሸች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

“ረቡዕ ይደርስልዎታል” አለች።