ሰው የሌለበት ቤት

የነርቭ ሴሎች እርስ በርሳቸው አይነካኩም። ሮቤ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ዓረፍተ ነገር የማልፈራበት ጊዜ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሴሎች እስላለሁ፤ መሀላቸው ጠባብ ክፍተት እተዋለሁ። መልእክቱ ከአንዱ ጫፍ ሲደርስ ኬሚካል ይረጫል፣ ኬሚካሉም ክፍተቱን ተሻግሮ ሌላኛውን ይቀሰቅሳል እላለሁ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ደወል ይደወላል፣ በቃ። አሁን ግን ክፍተቱ ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

አባቴ ከጎባ ሮቤ ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን አሳጣቸው። እንደ ወጋችን የተቆረጠ አካል በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀበራልና፣ አጎቴ እግሩን ከሆስፒታል ተቀብሎ፣ በካርቶን አድርጎ እዚያው ጎባ መቃብር ቀበረው።

ቤት ከገቡ ጥቂት ቀን እንኳ አልቆዩም፤ ሕመሙ ጀመራቸው።

«ልጄ፣ ጣቶቼ ታጥፈዋል። ዘርጊልኝ።»

የቀኙን ነበር የሚሉት። እንባቸው እየወረደ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ ያሳዩኛል። እግሩ የለም፣ ሕመሙ ግን ነበር። የማውቀው ማስረዳት ብቻ ነውና አስረዳኋቸው።

«አባባ፣ እግሩ ቢሄድም ከእሱ ወሬ ይቀበሉ የነበሩት ሴሎች አሉ። ዛሬም መልእክት ይቀባበላሉ፤ አእምሮዎ ታዲያ ከእግርዎ የመጣ ይመስለዋል።»

«ሰው ከሌለበት ቤት ስልክ ይደወላል ነው የምትዪኝ?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ያ ረቢ! እናንተ የተማራችሁ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ተናደድኩ፤ ትክክል ነበርኩና።

ነገሩን ለአጎቴ ሳጫውተው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ካርቶኑ አጠረኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዝናቡም መጣብኝ። ጣቶቹን አጥፌ ነው ያስገባሁት።»

ለአባቴ አልነገርናቸውም። አጎቴ መቃብር መቆፈር ደግ አይደለም እያለ ሲያመነታ ሰነበተ። እሳቸው ምግብ እምቢ ሲሉ ግን አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ አካፋውን ይዞ ጎባ ሄደ። ሴሎች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ የምለው እኔ አልከለከልኩትም። ጭራሽ እስከ ሚኒባስ ተራው ድረስ ሸኘሁት።

ከዚያ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሲያቃስቱ ቆይተው ድንገት ዝም አሉ። ደነገጥኩ። የተኮሳተረው ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ተዘረጋ።»

ምናልባት አጎቴ አካፋውን ሲያነሳ ሰምተው ይሆናል፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ምናልባት ተስፋ ማድረጋቸው ራሱ አሳርፏቸው ይሆናል። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ሳለ ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አጎቴ ነው። ስሙን እያየሁ አላነሳሁትም።

«አንሺው እንጂ» አሉ አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሰው ካለበት ቤት ነው የሚደወለው።»