ታርሶ የተቀበረ ቲማቲም

ሰፈሩ ንቢት ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቲማቲም ማሳውን የያዘችው ብቻዋን ነው፤ መደብ ስታወጣ፣ ችግኝ ስትደግፍ፣ ቦይ ስትጠርግ ትውላለች። ከአጥሯ ማዶ የሚያርሰው የባሏ ታናሽ ወንድም ደግሞ ነገ ይባላል። ምን ሥራ ቢነግሩት መልሱ ያው አንድ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ክፋት የለበትም፤ ሥራ ብቻ አይወድም።

ወረርሽኙ የገባ ዓመት የሁለቱም ማሳ እንደ ጉድ አፈራ። ሊለቀም ሲል መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያውም፣ ሆቴሉም፣ ትምህርት ቤቱም ተከተለ። ምርቷን የሚገዛት ነጋዴ መኪናም ቀረ። ስትደውልለት "እኔም ቤት ተዘግቶብኝ ተቀምጫለሁ" አላት። ቲማቲሙ ተክሉ ላይ እንዳለ ቀላ፣ ለሰለሰ፣ ፈነዳ። ሽታው ጓዳ ድረስ ገባ፤ ዝንቡ እህል አላስቀምስ አለ።

ንቢት አላስቻላትም። የበሰበሰ ሰብል ሳይነሳ ከቆየ ትሉ ለሚቀጥለው ተክል ይተርፋል። አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና የድጋፍ እንጨቶቹን ነቃቀለች፤ የቀረውን በትራክተር አስገልብጣ ቀበረችው።

"አንተስ?" አለችው በአጥሩ ላይ።

"ነገ፣ እትዬ።"

ብዙም ሳይቆይ፣ ምርት ለተበላሸባቸው ገበሬዎች መንግሥት ድጎማ ሊከፍል ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ ተሰማ። የግብርና ባለሙያው ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ስልኩን ይዞ መጣ።

"የተበላሸው ሰብል የታለ እናቴ?"

"ከእግርህ ሥር ነው ልጄ። ቀብሬዋለሁ።"

"ፎቶ ማንሳት አለብኝ። የሚታይ ነገር ከሌለ ሲስተሙ አይቀበለኝም።"

ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ጫረች። የጠቆረ ልጣጭ አውጥታ አሳየችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ነገ ይህን ሲያይ አጥሩን ዘሎ መጣ፤ ሲሮጥ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። "የሷ ከኔ ይበልጥ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ነው" አለ።

"ቅጹ ምስክር የሚሞላበት ቦታ የለውም" አለ ባለሙያው፤ ወደ ነገ ማሳ ተሻግሮም ብስባሹን ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳው።

ንቢት ግብርና ቢሮ ድረስ ሄደች። ኃላፊው በመስኮት ቀዳዳ አነጋገራት። "ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ይተዉት" አላት።

"ለሚቀጥለው ወረርሽኝ?" አለች። ዘበኛው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ለነገ ተከፈለው። ግማሹን በፖስታ ይዞላት መጣ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። እምቢ ልትል ነበር፤ ግን ዘር መግዣ አልነበራትም። ተቀበለችው፣ አዲስ ችግኝ ተከለች።

ችግኙ ቅጠል ሲያወጣ ትሉ መጣ። ከነገ ማሳ ነው የተነሳው፤ ከፎቶው በኋላም ማንም አልነካውም ነበር። ቅጠሉን ፈለፈለው፣ ግንዱን በላው። መድኃኒት ረጨች፣ በእጇ ለቀመች፤ ወይ ፍንክች። ለዚህስ ድጎማ የለም ወይ ብላ ባለሙያው ጋ ስትደውል "ይሄማ ወረርሽኝ አይደለም እናቴ፣ ተባይ ነው" አላት።

ነገ ደጃፏ ላይ መጥቶ "በኔ ምክንያት ነው" አለ። እሷም አላስተባበለችም።

መሬቱን ለነጋዴው አከራይታ ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ገባች። አሁን አትክልት መጋዘን ውስጥ ቲማቲም ትለያለች፤ ጠንካራውን ወደ ሳጥን፣ ለስላሳውን ወደ በርሜል። አንድ ቀን ልጇ "መቼ ነው የምትመለሺው እማ?" ብትላት፣ "ወዴት?" አለቻት፤ እግሯን የታጠበችበትን ውኃ ወደ ውጭ ደፍታም ተኛች።