የእሳት ድግምትና የጊፋታ ቅቤ

አስማተኛ መሆኔን ለእናቴ አልነገርኳትም። ቦዲቲ ያሉ የቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ቢሰሙ ለጸሎት ይሰበሰቡብኝ ነበር። ሶዶ ውስጥ ግን እሁድ ከሰዓት፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል፣ በወረቀት ላይ የምኖር አስማተኛ ነበርኩ።

ጨዋታውን ያመጣው ጎረቤቴ ነው፤ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። እሱ ታሪኩን ይተርካል፣ ጭራቆቹንም ያመጣል። እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገርና ሃያ ፊት ያለውን ዳይስ እንጥላለን፤ ቁጥሩ ይፈርዳል። ባለሱቁ፣ የስልጤ ልጅ፣ ጦረኛ ሆነ። ሕጉ ያለው በወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ማንበብ አያቅተኝም። ግን የተማርኩት ለአንድ ዴስክ አንድ መጽሐፍ በሚደርስበት ክፍል ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ ያምናል። ጎረቤቴ ሕጉን እኔ አነብልሻለሁ ሲለኝ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

የድግምት ሕግ ለጀማሪ ራስ ያዞራል። ስንት ጊዜ፣ በምን ርቀት፣ ምን ይዘሽ፣ ምን ብለሽ... አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ድግምቴ እሳት ነበር፤ "አንድ ጊዜ ከለቀቅሽው ከድግምት መጽሐፍሽ ይጠፋል፣ አይመለስም" አለኝ ጎረቤቴ። ይሄ አልከበደኝም። እናቴ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የምታጠራቅመውን ቅቤ ቤት የሞላ እንግዳ ቢመጣ እንኳ አትነካውም። እኔም እሳቴን እንደዚያ አስቀመጥኩ። ወራት አለፉ፣ ትንንሽ ብልጭታ እየለቀቅኩ ከረምኩ።

አንድ እሁድ ጦረኛውን ዋሻ ውስጥ ሦስት ጭራቆች ከበቡት። ባለሱቁ ዞር ብሎ አየኝ።

"ቲቸር፣ አሁን ካልሆነ መቼ ነው?"

መጨረሻ ላይ የሚጠብቀን ዘንዶ ገና ነው ብዬ እሳቱን ያዝኩት። ጦረኛው ሞተ። ባለሱቁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጎረቤቴ ዳይሱን እየሰበሰበ ከባድ ውሳኔ እንደነበረ ነገረኝ፣ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገኝ።

የፈለገ ይሳቅብኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ። በስስት ሰው ያስገደልኩ መሰለኝ። ባገኘሁት ቁጥር ባለሱቁን ይቅርታ እለዋለሁ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል። ጊፋታ ሲደርስ እናቴ ከሰጠችኝ ቅቤ ግማሹን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ለጦረኛው ካሳ ብዬ ለባለሱቁ ወሰድኩለት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ መረቀኝም።

ትምህርት ተከፍቶ ፈተና ላስባዛ ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ አልነበረም፤ እስኪመጣ ስጠብቅ ከማባዣው ማሽን አጠገብ የተደራረቡ ወረቀቶች አየሁ። የጨዋታው ሕግ ነበር። የድግምቱን ምዕራፍ ፈልጌ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ድግምት ከመጽሐፍ አይጠፋም። አስማተኛው በቀን የተወሰነ ጊዜ ይለቃል፣ ተኝቶ ሲነሳ ኃይሉ ይመለስለታል። በቃ፣ ይሄው ነው። ፈተናዬን ሳላስባዛ ወጣሁ።

ጎረቤቴን ግቢያችን በር ላይ አገኘሁት። አልካደም። እሳቱን በየቀኑ ብለቀው ያዘጋጀው ታሪክ በአንድ ወር ያልቅ እንደነበር፣ ፍርሃቴ ጨዋታውን እንዳጣፈጠው እየሳቀ አስረዳኝ። ጨዋታ ነው እኮ አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አንጀቴን ያሳረረው ውሸቱ ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ስጸጸት እያየ ትከሻዬን መምታቱ ነው።

ቢያንስ አብሮኝ የተበደለ አንድ ሰው አለ ብዬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለሱቁ መጥቶ ማሽኑን ይጠርግ ነበር። ጦረኛህ የሞተው በውሸት ሕግ ነው አልኩት።

ቀለም የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገ። "አውቃለሁ" አለ። "ገና ስንጀምር ሕጉን ያባዛሁለት እኔ ነኝ። ያኔውኑ አንብቤዋለሁ። እንዳትነግራት ብሎኝ ነው።"

"ታዲያ ቅቤዬን ለምን ተቀበልከኝ?"

ጨርቁን አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠ።

"ባልቀበልሽ ኖሮ ትጠረጥሪ ነበር።"

ዞሬ ከሱቁ ወጣሁ። እናቴ ያንን ቅቤ ያጠራቀመችው ዓመቱን ሙሉ ነበር።