ያጠብኩት የዘር ድንች

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም። ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ነገሩ ላይ ስደርስ ልቤ ይሸሻል። ለእናንተ ልናገረው፤ ፊታችሁን አላየውም።

ይመር እባላለሁ፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር አርሼ አዳሪ ነኝ። ክረምት ሩዝ እዘራለሁ፣ ሩዙ ሲነሳ በመስኖ ድንች እተክላለሁ። ጎረቤቴ አያ ሰይድ ግን ከሩዝ በኋላ መሬቱን ጦም ያሳድር ነበር። አንድ ዓመት፣ "ይመር፣ እኔም ድንች ልሞክር። ልጄ ዘሃራ አረብ አገር ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች። በዓመት ሁለቴ ካመረትኩ ትቀርልኛለች" አለኝ። ዘር ልንለዋወጥ ተስማማን፤ እሱ የሩዝ፣ እኔ የድንች።

ያመጣልኝ ሩዝ ጠጠር አልነበረበትም። እኔስ? ድንቼ ግማሹ ታሞ ነበር። ተክሉን በቁሙ የሚያጠወልግ በሽታ ነው፤ ድንቹ የሚበቅልበት ዓይኑ ላይ ያዣል፣ አፈር ይጣበቅበታል። ለዘር እንዳይውል የግብርና ባለሙያው ነግሮኛል። አውቅ ነበር! ደህና ደህናውን ለራሴ መርጬ፣ የታመመውን ሐይቁ ዳር ወስጄ በሽታው እንዳይታወቅ አፈሩን ከየዓይኑ አጠብኩት። እኔ ነኝ ያጠብኩት። ስስት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የዘር ድንች ማን ያጥባል?

"ወይ ይመር! አጥበህ ጭምር? ጀዛከላህ!" አለኝ አያ ሰይድ ሳስረክበው።

ድንቹ ለምልሞ ለምልሞ ሊያብብ ሲል ጠወለገ። አያ ሰይድ ማሳው መሃል ቆሞ "ምን አጠፋሁ?" ሲለኝ፣ "ውሃ አብዝተህበት ነው" አልኩት። አመነኝ። እስኪሞት ድረስ ራሱን ሲወቅስ ኖረ። ዘሃራም ሄደች።

ዘንድሮ ሞተ። ከመቀበሩ በፊት ሼኹ እንደ ወጉ፣ "ይህ ሰው የበደላችሁ ካላችሁ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት" አሉን። "አፉ ብለናል!" አልን። ወላሂ፣ ከሁሉ የኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር። ምን በድሎኝ? እሱን የበደለው ማን እንደሆነ ቢጠየቅስ እናገር ነበር? አልናገርም። ራሴን አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ዘሃራ ደወለችልኝ። አልቅሳ አልቅሳ፣ "አያ ይመር፣ አባቴ ያንን አጥበህ የሰጠኸውን ዘር አንስቶ አይጠግብም ነበር። አላህ ይስጥልን" አለችኝ። "አሚን" አልኩ። አሚን አልኩ እኮ!

አባቷ የሰጠኝ ሩዝ ዘንድሮም ማሳዬ ላይ አሽቷል፤ እሱን እበላለሁ። አፉ በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አፉ ልትለኝ የምትችል ዘሃራ ብቻ ናት። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ። ደወልኩላት? አልደወልኩም።