አባቱን የገደለው «ብርድ»

መሳፍንት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። አንድ ክረምት መኪናቸው አፋር በረሃ ውስጥ ተገለበጠና ሹፌሩ እዚያው ሞተ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር የሚያልፍ ሰው አልነበረም። መሳፍንት የተሰበረ እጁን በነጠላ አስሮ፣ ከራዲያተሩ የቀዳውን ውሃ እየተጎነጨ፣ አንድ ቀን ተኩል በእግሩ ተጉዞ ሰው ካለበት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሚያስፈራው ነገር አልተገኘም።

ራሱ ሹፌር ሆነ፤ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ዙለይካን አግብቶ ከተመ። አባቱ ደብረ ብርሃን ሽንት ከልክሏቸው ሲሞቱ ቤተ ዘመዱ «ብርድ ነው የመታቸው» ብሎ ቀብሯቸው ነበር። መሳፍንትም በጅቡቲ ሙቀት እየተጠበሰ፣ «እኔን ብርድ ከየት አግኝቶኝ!» እያለ ይስቅ ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2012፣ አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ታላቅ ወንድሙ ልደቱ ደወለለት።

«ስማኝ፤ የአባባ በሽታ ብርድ አልነበረም። እኔም ይዞኛል። ፕሮስቴት ካንሰር ይሉታል፤ ከፊኛ ሥር ያለችው የወንዶች ዕጢ ነቀርሳ። ዘግይቼ ነው የደረስኩበት፤ አንተ ፈጥነህ ታይ።»

መሳፍንት ሊመረመር መሆኑን ሲነግረው የሥራ ባልደረባው ሽብሩ ሳቀበት። «ሳያመው ሐኪም ቤት የሚሄድ ሹፌር ዛሬ አየሁ! ሞተሩ ሳይጮህ ጋራዥ ትገባለህ እንዴ?»

«ዘይት የምለካው ሞተሩ ነክሶ ሲቆም ነው?» አለው መሳፍንት።

ከሚስቱ ጋር ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ሲናገር ዙለይካ ታስተረጉማለች። «አባትና ወንድም የታመሙበት ሰው ከአርባ አምስት ጀምሮ ይመርመር ይላል። በቤተሰቡ ከሌለ ግን ሃምሳ ሲሞላው ወይም አለፍ ሲል ከሐኪሙ ጋር መክሮ ይወስን። ሰባ ያለፈውን ብዙ ጊዜ በምርመራ አናስቸግርም ይላል።» ቀጥላ አፏን በሻሿ ሸፈነች። «በጣቱም ከኋላ ሊያይህ ይችላል።»

«ይህንንስ ባትተረጉሚው!»

የፕሮስቴት የደም ምርመራው ውጤት ከፍ ብሎ መጣ። ሐኪሙ «ደም ብቻውን አይፈርድም» ብሎ ከዕጢው ናሙና አስወሰደ። ካንሰር ተገኘ፤ ገና ከዕጢው አልወጣም። አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ልደቱ ግን በዓመቱ አረፈ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ መሳፍንት አሁንም ይነዳ ነበር። ሃምሳ የሞላው ሽብሩ ሊመረመር ሲያመነታ፣ እንዲህ አለው፦

«ሐኪምህን አማክረህ ራስህ ወስን። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ወንድሜ ሳያፍር መደወሉ ነው። ልጆቼ አያታቸው በምን እንደሞቱ ያውቃሉ፤ በሽታውን በስሙ ጠርቼ ነግሬያቸዋለሁ።»